«ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ደወለች፤ አላነሳሁትም»

ጥያቄ፦

«የ47 ዓመት ሴት ነኝ። እናቴን ስትሮክ አልጋ ላይ ከጣላት ቀን ጀምሮ ስድስት ዓመት አስታመምኳት፤ ከሁለት ዓመት በፊት በሞት ተለየችኝ። በቅርቡ፣ የቤተሰባቸውን ሕመምተኛ ያለ ክፍያ የሚያስታምሙ ሰዎችን በስልክ የሚያጫውት አንድ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ውስጥ ገባሁ። አጭር ሥልጠና ከወሰድኩ በኋላ፣ የመርሳት በሽታ ያለበትን ባሏን ለብቻዋ የምታስታምም አንዲት ሴት ተመደበችልኝ። የምደውልላት በሳምንት አንድ ቀን፣ ማክሰኞ፣ ለግማሽ ሰዓት ነው።

በመጀመሪያው ጥሪ ከእናቴ የተማርኩትን ሁሉ ዘረገፍኩላት፤ ሕመምተኛ እንዴት እንደሚገላበጥ፣ የአልጋ ቁስል እንዴት እንደሚከላከሉት። ‹እሺ፣ እሺ› ብላ ዘጋች። ባሏ አልጋ ላይ የዋለ ሰው እንዳልሆነ የሰማሁት በኋላ ነው። የግል ቁጥሬንም ሰጥቻት ‹በማንኛውም ሰዓት ይደውሉልኝ› ብያት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ስልኩን አላነሳችም። በሦስተኛው ጥቂት ካወራን በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ‹አንዳንድ ጊዜ ቢሞትልኝ ብዬ እመኛለሁ› አለችኝ። ደንግጬ ‹ኧረ እንዲህ አይባልም!› አልኳት። ‹ይቅርታ› ብላ ዘጋች። ከሦስት ቀን በኋላ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በግል ስልኬ ደወለች። ቁጥሯን አየሁት፤ እስኪያቆም ድረስ እያየሁት አላነሳሁትም። ከዚያ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይመታል። ለዚህ ሥራ የተፈጠርኩ አይመስለኝም። ልተወው? ለመሆኑስ የማያውቁትን ሰው በስልክ ማዳመጥ ምን ይፈይዳል?»

ስልኳን የፈራች

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣

ደብዳቤዎ በደረሰን ዕለት በአጭሩ የጻፍኩልዎትን እዚህ ልድገመው፤ ሌሎች አንባቢዎችም ይህ ሊገጥማቸው ይችላልና። ሌላውን ሁሉ ከማሰብዎ በፊት ለማኅበሩ አስተባባሪ ይደውሉ። ሴትዮዋ በሦስተኛው ሳምንት ያለችዎትን፣ የግል ቁጥርዎን መስጠትዎን፣ በሌሊት ስትደውል አለማንሳትዎን፣ ሦስቱንም ሳያሳምሩና ሳያሳጥሩ ይንገሩ። ጥሪው ምን እንደነበር አናውቅም። ስልኩ በእጇ ተነክቶ ይሆናል፤ ባሏ በጨለማ ተነስቶ ወድቆ ይሆናል፤ ወይም «በማንኛውም ሰዓት» ያሏትን አምና የሰው ድምፅ ፈልጋ ይሆናል። ደህና መሆኗን አንድ ሰው ማረጋገጥ አለበት። ያንን ሸክም ብቻዎን እንዲሸከሙ ማንም አልጠየቀዎትም። አስተባባሪ የሚባል ሰው የተቀመጠው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

ይህን ካደረጉ ወደ ቃሏ እንምጣ።

«ቢሞትልኝ»። በአማርኛችን ነገሩን የምትለውጠው አንዲት ፊደል ናት። «ቢሞትብኝ ምን እሆናለሁ» ብላዎት ቢሆን ኖሮ «አይዞዎት» ብለው ያጽናኗት ነበር። በ«ብ» ሲሆን ሐዘን ነው፤ በ«ል» ሲሆን ነውር ነው፤ ጆሯችን የለመደው እንዲህ ነው። ረጅም ዘመን ያስታመመ ሰው ግን በእነዚህ በሁለቱ ፊደላት መካከል ነው የሚኖረው። ጎህ ሲቀድ በሩ ላይ ቆሞ የሕመምተኛውን ትንፋሽ ያዳምጣል፤ «ይሞትብኝ ይሆን?» እያለ። ማታ ያንኑ ጥያቄ ለሃያኛ ጊዜ ሲመልስ፣ ወይም አንሶላ ለሦስተኛ ጊዜ ሲቀይር፣ «ምነው በገላገለኝ» ይላል። ሁለቱም ከአንድ ልብ ይወጣሉ፣ ሁለቱም እውነት ናቸው። አንዱ ሌላውን ሐሰት አያደርገውም።

የመርሳት በሽታ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ሰውየው አለ፤ ይበላል፣ ይተኛል፣ በር ይከፍታል። ያገባችው ሰው ግን የለም፤ አንዳንድ ቀን ስሟንም አያውቀውም። አሜሪካዊቷ የቤተሰብ ጉዳይ ተመራማሪ ፖሊን ቦስ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያጠናችው ይህንን ነው፤ ወደ አማርኛ ብንመልሰው «አሻሚ እጦት» ልንለው እንችላለን። የሞተ ሰው ዘመድ «ነፍስ ይማር» ይባላል። በቁሙ የጠፋባትን ሰው ለምታስታምም ሴት ግን የሚባል ቃል አልተበጀላትም። ቃል ያጣው ሐዘን ለአንድ ማክሰኞ ወደ እርስዎ ጆሮ መጣ። እርስዎም በሩን ዘጉበት። ይህን የምለው ልወቅስዎ ብዬ አይደለም፤ የተዘጋ በር ሊከፈት ስለሚችል ነው።

እኔም ይህችን ቃል በ«ል» ብያታለሁ። አባቴን አራት ዓመት ሳስታምም የድሮ የሥራ ባልደረባው የነበሩ አንድ ጡረተኛ ሐሙስ ሐሙስ ይደውሉ ነበር። መጀመሪያ ላይ የሚደውሉት ለአባቴ ነበር። አባቴ መናገር ሲያቅተው መደወላቸውን ይተዋሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተዉም። ሰውየው ጨዋታ አዋቂ አልነበሩም። ስለ ጉልበታቸው ሕመም ያወራሉ፤ ከዚያም ለወራት ሲፈታቱት ስለነበረ አንድ አሮጌ ሬዲዮ። የትኛው ሽቦ እንደተቃጠለ፣ የትኛው ማዞሪያ አልዞር እንዳለ፣ ትናንት ለአንድ ደቂቃ ያህል ድምፅ እንደሰጠ። እኔ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መካከል ጨብጬ አልባሳት አጥፋለሁ። ታዲያ ረቡዕ ማታ ላይ «ነገ ሬዲዮው ምን ደርሶ ይሆን?» ማለት እንደጀመርኩ አስታውሳለሁ። በዚያ ቤት ውስጥ ከመድኃኒት ሰዓት ውጪ የምጠብቀው ነገር ያ ብቻ ነበር።

ሁልጊዜ ከመዝጋታቸው በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል፤ «አንቺስ ዛሬ ቁጭ ብለሻል?» ሌላው ሰው ሁሉ «እሱ እንዴት ነው?» ነበር የሚለኝ። ሐኪሙ፣ እህቶቼ፣ ጎረቤቱ ሁሉ «እንዴት አደረ? በላ? ተኛ?» ይላሉ። እኔ የአባቴ ዜና አንባቢ ሆኜ ነበር። አንድ ሐሙስ ለሰውየው ጥያቄ መልስ አጣሁና «ቢሞትልኝ ደስ የሚለኝ ይመስለኛል» አልኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ደክሞሻል» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። ስልኩን ዘግቼ መተላለፊያው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ተነስቼም አባቴን አጠብኩት።

ሴትዮዋ ዳግመኛ ያን ቃል ብትልዎት የሚያስፈልግዎት ይህን ያህል ነው። «በጣም ከብዶዎታል» ይበሉና ይጠብቁ። ከዚያ «እንዲህ የሚሰማዎት መቼ መቼ ነው?» ብለው መጠየቅ ይችላሉ። ሌሊት እንቅልፍ ስታጣ ነው? ባሏ ሲመታት ነው? ልጆቹ ሳይደውሉ ሲቀሩ ነው? መልሱ ብዙ ይነግርዎታል፤ የሚነግርዎትን ሁሉ ግን እርስዎ መፍታት የለብዎትም።

ወደ አስቸጋሪው ቀን ልመለስ። አብዛኛውን ጊዜ «ቢሞትልኝ» የድካም ቃል ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። «ሁለታችንም ብንሞት ይሻል ነበር»፣ «አንድ ቀን እጄን አነሳበታለሁ»፣ «መድኃኒቱን እየቆጠርኩ ነው» የሚል ነገር ከሰሙ በዙሪያው አይዙሩ። በቀጥታ ይጠይቁ፤ «ራስዎን ለማጥፋት አስበዋል?» ብዙ ሰው ይህን ጥያቄ የሚፈራው ሐሳቡን የሚያስታውስ ስለሚመስለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደጋግሞ እንደሚያስረዳው ግን በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፤ ይልቁንም ሰውየው እፎይ ብሎ እንዲናገር መንገድ ይከፍትለታል። መልሷ «አዎ» ከሆነ፣ ወይም ሕመምተኛው እየተጎዳ እንደሆነ ከሰሙ፣ ጥሪው እንዳበቃ ለአስተባባሪ ይነገራል፤ አደጋው አሁን ከሆነ ደግሞ ጥሪው ሳይቋረጥ እርዳታ ይጠራል። ስለዚህ ለማንም ቢሆን «ለሰው አልናገርም» ብለው ቃል እንዳይገቡ። «የነገሩኝ በእኔ ዘንድ ይቀራል፤ ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ ግን ለማኅበሩ እነግራለሁ» የሚለው በመጀመሪያው ጥሪ መባል ነበረበት። ካልተባለ በሚቀጥለው ይባል።

አሁን ወደ ምክር ነገር። ምክር ሸጬ የምኖር ሰው «ምክር አይስጡ» ስል አንባቢ ቢስቅ አልፈርድበትም። ልዩነቱ ይህ ነው፤ እርስዎ ወረቀት አውጥተው፣ ጽፈው ጠየቁኝ፤ እሷ ግን አልጠየቀችዎትም። አስታማሚ ያላጣው ነገር ቢኖር ምክር ነው። አንድ ቀን መጥቶ አብሮ የማያድረው ዘመድ ሁሉ ምክር ይዞ ይመጣል። እያንዳንዱ ምክር ደግሞ ሳይናገር «እስከ ዛሬ ያደረግሽው ልክ አልነበረም» ይላል። የእርስዎማ ጭራሽ ለሌላ ሰው የተሰፋ ልብስ ነበር፤ ከአልጋ የማይነሳ ሰው አገላበጥን ነገሯት፣ የእሷ ችግር ግን ሰውየው ከአልጋ ተነስቶ እንዳይወጣ ነው። ስድስት ዓመት ያስታመመ ሰው ትልቁ ፈተና ይህ ይመስለኛል። ልምዱ ሀብት ነው፤ ነገር ግን የእናትዎ ክፍል የእሷ ሳሎን አይደለም።

ታዲያ ልምድዎን ምን ያድርጉት? ደብቀው አይያዙት። «እኔም እናቴን አስታምሜ ነበር» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር በር ይከፍታል። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ስለ እናትዎ ከሆነ ግን በሩ መዘጋት ይጀምራል። አንድ ብለው ወደ እሷ ይመለሱ። «ባሌ ማታ ማታ ይረበሻል፤ ምን ላድርግ?» ብላ በቀጥታ ከጠየቀችዎት ደግሞ ሐኪም ለመሆን አይሞክሩ። «ማኅበሩ ይህን የሚያውቅ ሰው አለው፤ እንዲደውልልዎት ይፈልጋሉ?» ይበሉ። ፈቃዷን መጠየቅዎን አይርሱ፤ በዚያ ቤት ውስጥ እሷ የምትወስነው ነገር እያነሰ ነው።

የስልክ ነገር ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ፊት አይታይም፤ ስለዚህ ራስ መነቅነቅዎ አይቆጠርም። «እህ»፣ «እሺ»፣ «ገባኝ» የሚሉት ትንንሽ ድምፆች ካልተሰሙ ሰው ባዶ ቤት ውስጥ እንደሚያወራ ይሰማዋል። ዝምታም በስልክ ላይ ከእውነተኛው ርዝመቱ በላይ ይረዝማል። አምስት ሰከንድ ዘላለም ይመስላል፤ ሰውም ፈርቶ ባገኘው ወሬ ይሞላዋል። አይሙሉት። በልብዎ እስከ አሥር ይቁጠሩ፤ ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር የሚመጣው ሰባት ወይም ስምንት ላይ ነው።

ደግሞም ሕመምተኛው እዚያው ክፍል ውስጥ ሊሆን እንደሚችል ያስቡ። ስለዚህ ከ«እንዴት ነዎት?» በፊት «አሁን ማውራት ይመችዎታል?» ይምጣ። ድምፅዋ እንግዳ ለሆነ ሰው እንደምታወራ ከሆነ፣ «አዎ፣ አዎ፣ ደህና ነን» ብቻ ካለች፣ ባሏ ቁልቁል እያያት ይሆናል። ያኔ «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ የሚያስመልስ ጥያቄ ይጠይቁ፤ «ሳምንቱ ከብዶ ነበር?»፣ «በኋላ ልደውል?» ካላነሳች የድምፅ መልእክት ላይ ብዙ አይናገሩ፤ ማን እንደሚሰማው አያውቁም። «ደውዬ ነበር፣ ማክሰኞ እንደገና እደውላለሁ፣ መልሰው መደወል አያስፈልግዎትም» ይበቃል። የመጨረሻዋ ሐረግ ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን አስታማሚ ዕዳ መጨመር የለበትም። በነገራችን ላይ በሁለተኛው ሳምንት ያላነሳችው ስለ አልጋ ቁስል ያስተማሩትን ሸሽታ ነው ብለው የደመደሙ ይመስላል። ይሆናል። እጇ ሳሙና ነክቶት ነበርም ይሆናል። አስታማሚ ቀጠሮ ቢያፈርስ ነገሩን ወደ ራስ መውሰድ አይገባም፤ ቀኗን የምታዝዘው እሷ አይደለችም።

«ምን ይፈይዳል?» ብለው ጠይቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1953 ለንደን ውስጥ ቻድ ቫራ የተባሉ የአንግሊካን ቄስ ሕይወታቸውን ለማጥፋት ለሚያስቡ ሰዎች የስልክ መስመር ከፈቱ። ሰዎች መደወል ብቻ ሳይሆን በአካል መምጣትም ጀመሩ። ቄሱን ለማገዝም የመጡ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ፤ ሥራቸው ተራ የሚጠብቁትን ሰዎች ሻይ እያቀረቡ ማጫወት ብቻ ነበር። ቫራ ግን አንድ ነገር አስተዋሉ። ብዙዎቹ እዚያው ተቀምጠው ልባቸውን ለበጎ ፈቃደኞቹ ያፈሱና፣ ተራቸው ሲደርስ ቄሱን ማየት ሳያስፈልጋቸው ይሄዳሉ። በ1954 መጀመሪያ ላይ የማዳመጡን ሥራ ለበጎ ፈቃደኞቹ አስረከቡ። ሳማሪታንስ የተባለው ድርጅት እንዲህ ነው የቆመው። ባለሙያው ወደ ጎን ብሎ ሻይ አቅራቢዎቹ ዋናዎቹ ሆኑ። ይህ ታሪክ ደስ የሚለኝ ሙያን ስለሚንቅ አይደለም፤ ሰው አንዳንድ ጊዜ የሚፈልገው ሊቅን ሳይሆን ጊዜ ያለውን ሰው እንደሆነ ስለሚያሳይ ነው።

ከቅርቡ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 «ጃማ ሳይካያትሪ» በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ የቴክሳስ ጥናት አለ። ተሳታፊዎቹ 240 ነበሩ፤ አብዛኞቹ አረጋውያን። ደዋዮቹ ዕድሜያቸው ከ17 እስከ 23 የሆነ 16 ወጣቶች ሲሆኑ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች አልነበሩም። በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት በየቀኑ ደወሉ፤ ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሚደወል ተደዋዩ ራሱ መረጠ። ከአራት ሳምንት በኋላ ከተደወለላቸው ሰዎች ዘንድ ብቸኝነቱም፣ ድብርቱም፣ ጭንቀቱም ካልተደወለላቸው ይልቅ ቀንሶ ተገኘ። ጥናቱ አስታማሚዎችን ለይቶ የተመለከተ ስላልሆነ ከሚገባው በላይ አልጎትተውም። ነገር ግን «ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም» ለሚል ሰው የ17 ዓመት ልጅ ከቻለው እርስዎ ያቅትዎታል ብሎ ማሰብ ይከብደኛል።

ሐቁን ሁሉ ልናገር ካልኩ ግን ስልክ ሕመምተኛ አያጥብም። ሌሊቱን ተክቶ አያድርም። እ.ኤ.አ. በ1999 ሹልዝና ቢች የተባሉ የፒትስበርግ ተመራማሪዎች ባለትዳር አረጋውያንን አራት ዓመት ገደማ ተከታትለው ነበር፤ የትዳር ጓደኛቸውን የሚያስታምሙና ጫናው የከበደባቸው ሰዎች ከማያስታምሙት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው በ63 በመቶ በልጦ አገኙት። እያስታመሙ ጫናው ያልከበደባቸው ላይ ግን እንዲህ ያለ ልዩነት ጎልቶ አልታየም። እኔ ከዚህ የምረዳው የሚገድለው ማስታመሙ ሳይሆን ከአቅም በላይ መሸከሙ መሆኑን ነው። ስለዚህ የሴትዮዋ ልጆችና ወንድሞች «አንድ ሰው ይደውልላታል» ብለው የሚያርፉ ከሆነ የእርስዎ ስልክ ማመካኛ ሆኗል ማለት ነው። የሚተካት ሰው፣ ለጥቂት ሰዓት የሚያሳርፋት አገልግሎት ያስፈልጋታል። ይህንንም ለአስተባባሪ ይንገሩ፤ መፈለግ የእነሱ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ሌሊቱ። እርስዎ ጥፋቴ የሚሉት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አለማንሳትዎን ነው። እኔ አይመስለኝም። ጥፋቱ የተሠራው ከሁለት ሳምንት በላይ ቀደም ብሎ «በማንኛውም ሰዓት» ሲሉ ነው። ያ ቃል ደግነት ይመስላል፤ ነገር ግን ሥራ ያለው፣ የሚተኛ፣ የሚታመም ሰው ሊጠብቀው የማይችለው ቃል ነው። ማኅበራት በጎ ፈቃደኛ የግል ቁጥሩን እንዳይሰጥ የሚከለክሉት ለልብ ድንዳኔ አይደለም፤ ልክ እንደ እርስዎ በጨለማ ስክሪን እያየ የሚንቀጠቀጥ ሰው እንዳይኖር ነው። ተደዋይዋም ብትሆን ከተዘጋ በር ይልቅ የሚጎዳት «ክፍት ነው» ተብሎ ተዘግቶ የተገኘ በር ነው።

እንግሊዝ አገር ሼፊልድ ውስጥ ዕድሜያቸው 75ና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎችን በጎ ፈቃደኞች በስልክ እንዲያጨዋውቱ ታስቦ ውጤቱን የሚመዝን ጥናት ተጀምሮ ነበር። ሳይጠናቀቅ ቆመ። የቆመው አረጋውያኑ ስላልፈለጉ አልነበረም፤ መግባትም መቆየትም የሚችል በቂ በጎ ፈቃደኛ ስላልተገኘ ነው። ይህን ሳነብ የአባቴ ባልደረባ ትዝ አሉኝ። ማዳመጥ አያውቁም ነበር ብል ቅር አይላቸውም፤ ሐሙስን ግን ያውቃሉ። ሐሙስ በአሥር ሰዓት ስልኩ ይጮኻል። ለእኔ ያ በቂ ነበር። ከእርስዎም የሚጠበቀው ማክሰኞ ነው፤ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አይደለም።

ልተወው ወይ ላሉት፣ ደፍሬ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በስድስቱ ዓመታት ውስጥ «ብትሞትልኝ» የሚለው ቃል በእርስዎ ልብ ውስጥ አልፎ አያውቅም? መልሱን ለእኔ መላክ የለብዎትም። ነገር ግን ካለፈ፣ «ኧረ እንዲህ አይባልም!» ያሉት ለሴትዮዋ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ለራስዎ ለዓመታት ሲሉት የነበረው ቃል ነው በአፍዎ የወጣው። እንደዚያ ከሆነ እርስዎም ሊጫወቱለት የሚችሉት ሰው ያስፈልግዎታል። ደህና ማኅበር ከእያንዳንዱ ከባድ ጥሪ በኋላ በጎ ፈቃደኛው የሚተነፍስበት ሰው ያዘጋጃል። የእርስዎ ማኅበር ካላዘጋጀ ይጠይቁ፤ እምቢ ካለ ማኅበሩን ይቀይሩ፤ ያን ጊዜ መተዉ ተገቢ ነው። ስልኩን ሲያነሱ የሚሰማዎት የእሷ ድምፅ ሳይሆን የእናትዎ ክፍል ከሆነ ደግሞ ለጥቂት ወራት ያርፉ። ለእሷ ግን ሌላ ሰው መተካቱንና መሰናበትዎን ያረጋግጡ፤ ዝም ብሎ መጥፋት አይሆንም። ከዚህ ውጪ፣ በሦስት ጥሪ ብቻ «አልተፈጠርኩበትም» የሚል ፍርድ መስጠት የችኮላ ይመስለኛል።

አስተባባሪዋ ፈቅዳ፣ ሴትዮዋም ፈቅዳ ከሆነ፣ የሚቀጥለው ማክሰኞ ይህን ያህል ቢሉ ይበቃል። «ባለፈው አንድ ከባድ ነገር ነገሩኝ፤ እኔ ደንግጬ አቋረጥኩዎት። የነገሩኝ ነገር ነውር አልነበረም። በሌሊት ሲደውሉም አይቼው አላነሳሁትም፤ በማንኛውም ሰዓት ማለት አልነበረብኝም፤ መጠበቅ የማልችለው ቃል ነው። ሌሊት ሰው ሲያስፈልግዎት የሚደውሉበትን ቁጥር ማኅበሩ ሰጥቶኛል፤ አሁን እነግርዎታለሁ። እኔ ደግሞ ማክሰኞ በአሥር ሰዓት እደውላለሁ።»

ከዚያ ዝም ይበሉ። እሷም ዝም ልትል ትችላለች። መስመሩ ተቋርጦ እንደሆነ ለማረጋገጥ «ሃሎ?» አይበሉ፤ ከጀርባዋ የውሃ ድምፅ ወይም የባሏ እግር ይሰማ ይሆናል። እስከ አሥር ይቁጠሩ።